እስከ ወፍጮ ቤቱ

ልጆቹ ሦስቱም በአንድ ቀን መጡ። ሦስቱ በአንድ ቀን ከመጡ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ የሚሸጥ ነገር ተገኝቷል። ልብስ ሰፊዋ ይህን አሳምራ ስለምታውቅ ሻይ እንኳ ሳትጥድ ከስፌት መኪናዋ ፊት ቁጭ ብላ ጠበቀቻቸው።

የሞተ ሰው አልነበረም። የሚሸጠው ነገር ግን ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል፤ ማርሿ ከመሪው ጎን የሚገባ፣ መስታወቷ በእጅ የሚዞር፣ ከበኩር ልጃቸው በዕድሜ የምትበልጥ ክሬም ቀለም አሮጌ መኪና። የመኪናዋ ባለቤት ሹፌሩ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የሕዝብ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ስለወጣ ሰፈሩ ሁሉ «ሹፌሩ» ይለዋል፤ ሚስቱ ልብስ ሰፊዋም ከተጋቡ ጀምሮ በሌላ ስም ጠርታው አታውቅም። ከስድስት ወር በፊት ሐኪም ዓይኑን መርምሮ «ከእንግዲህ መሪ እንዳይነኩ» አለው። መንጃ ፈቃዱ ሳይታደስ ቀረ፤ ሹፌሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መቀመጥ አመጣ።

«መኪና ለሠርግ የሚያከራይ ሰውዬ አግኝቻለሁ» አለ የበኩር ልጁ። «ከከተማ ሳያወጣ በክብር ይይዛታል። በየዓመቱ እየነዳችሁ የምትሄዱበት አክስቴ ጋ ደግሞ ዘንድሮ በአውሮፕላን ትሄዳላችሁ። ትኬቱ በእኔ።»

«አባዬም ቢሆን እንዲህ ሆኖ መንገዱን አይችለውም» አለች ሴቷ ልጅ።

አባዬ እዚያው ከጎናቸው ተቀምጧል። ዓይኑ የደከመ ሰው ጆሮውም የደነቆረ ይመስል እፊቱ ስለ እሱ ያወራሉ። ልብስ ሰፊዋን ያንገበገባት ይሄ ነው። የመኪናዋ ነገር ኋላ የሚመጣ ነው።

«ማን ሽጥልኝ አለህ?» አለችው ልጇን።

«እማዬ፣ እንግዲህ ማን ሊነዳት ነው?»

መሳቢያዋን ሳበችና ከክርና ከአዝራር መሃል አንድ ካርድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችላቸው። ፎቶው ላይ ዓይኗን አፍጥጣ፣ የተጣላችው ሰው ያለ ይመስል ጥርሷን ነክሳለች። መንጃ ፈቃድ ነው፤ በስልሳ ሁለት ዓመቷ የተሰጣት። አራት ወር ሙሉ «ወገቤን ልታሽ» እያለች ከቤት ስትወጣ የልጅ ልጆቿ እኩዮች መሃል ተሰልፋ መንዳት ትማር ነበር። ነዳጅ መስጫውማ አላስቸገራትም፤ ዕድሜ ልኳን የስፌት መኪና ስትረግጥ የኖረች ሴት እግሯን የት ድረስ መጫን እንዳለባት ማን ያስተምራታል?

ልጆቹ ካርዱን ተቀባበሉት። ሹፌሩም ወሬውን የሰማው ያኔ ነው። ፊቱን ከግድግዳው መለሰ።

«በስንተኛሽ ነው ያለፍሽው?»

«በሦስተኛው።»

«ሁለቴ የጣለሽ ምንድን ነው?»

«የኋላ ማርሽ።»

«ታዲያስ!» አለ፣ ክርክሩን የረታ ያህል።

ሴቷ ልጅ ግን ገና አልጨረሰችም ነበር። «እማዬ፣ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር እኮ ነው! ያ ሁሉ ጠመዝማዛ! እንኳን አንቺ...»

«እንኳን እኔ ምን?»

ልጅቷ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ መለሰች።

«ሰምቼሻለሁ» አለች እናትየው። «ሐሙስ እንሄዳለን። ካፈርኩ አይመልሰኝ።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሸራውን ገፍፋ ውሃውን፣ ዘይቱን፣ የጎማውን ነፋስ አየች። ሹፌሩ አጠገቧ ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሞተሩን በጆሮው ያዳምጣል። ድንገት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት። «እህቴ ያለችበት ከተማ ዓይኔ መድከሙን ማንም አያውቅም። እህቴም አታውቅም። እዚያ ከተማ ሌላ ሰው እየነዳኝ ገብቼ አላውቅም። ከተማው መግቢያ ላይ ወፍጮ ቤት አለ፤ እስከ ወፍጮ ቤቱ ንጂ። ከወፍጮ ቤቱ እስከ እህቴ በር እኔ እነዳለሁ። ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ።»

እሷ ዝም አለች። ሹፌሩ ዝምታዋን እንደ እሺታ ወሰደው። ይህን ያህል ዘመን አብሯት የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ስህተት መሥራት አልነበረበትም።

ሐሙስ ጠዋት ወጡ። ከተማውን ሳይለቁ ጭቅጭቁ ተጀመረ። «ፍሪሲዮን! ግራ እግርሽን!» ይላል። «ሦስተኛ! ኧረ ሦስተኛ!» ይላል። የሌለ ፍሬን በቀኝ እግሩ እየረገጠ የወለሉን ምንጣፍ ሊበሳው ደረሰ። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ መንገዷን ታያለች። ሐቁን መናገር ካስፈለገ ግን ሰውዬው ሁልጊዜ የሚሳሳት አልነበረም። ረጅሙን ዳገት ሲያጋምሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ጥላ ፈልጊና ቁሚ፤ ውሃዋ ሊፈላ ነው» አላት። የሙቀቱ ምልክት ገና ከመሃል አላለፈም። ቆማ ኮፈኑን ስትከፍት ራዲያተሩ ያጉረመርማል። ክዳኑን ሳይነኩ ግማሽ ሰዓት ጠበቁ፤ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በሉ። ያን ጊዜ በልቧ አደነቀችው። ጮክ ብላ ብታደንቀው ኖሮ ግን እስከ ማታ «አራተኛ! ሦስተኛ!» ሊላት ስለሚችል ዋጥ አደረገችው።

ነዳጅ ማደያው ላይ ቀጂው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ እሷንም እሱንም አየ።

«ወገቤን ይዞኝ ነው» አለው ሹፌሩ ሳይጠየቅ። «ትንሽ ልረፍ ብዬ ለእሷ ሰጠኋት።»

ልብስ ሰፊዋ ይሄኛውን አለፈችው። መንገደኛ ነው፤ ዳግም አያገኛቸውም። ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው። መንጃ ፈቃዷን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና በእሷ ላይ አልፎ ባሏን «አባባ፣ እርስዎ እያሉ እሳቸው ይነዳሉ?» አለው።

«ወገቤን ይዞኝ...»

«ወገቡ ደህና ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሹፌሯ እኔ ነኝ። የምትጠይቀው ካለህ እኔን ጠይቀኝ፣ ልጄ።»

ፖሊሱ ካርዱን መለሰላት። «ይቅርታ እናቴ» አለ፤ ሳቁን ግን መደበቅ አቃተው። ሹፌሩ ከዚያ በኋላ ለአርባ ኪሎ ሜትር ያህል አፉን አልከፈተም። ለጆሮዋ እረፍት ነበር፤ ለሆዷ ግን አልነበረም። ሳይጨቃጨቅ ሲቀር የባሰ ሽማግሌ ይመስላል።

መንገድ ዳር ካለ ማረፊያ አድረው በማግስቱ ሲነሱ ግን አኩርፎ መቆየት የሚችል ሰው ስላልሆነ ምላሱ ተፈታ። አሁን የደረሱት እሱ ተወልዶ ያደገበት አካባቢ ነው። አጥርቶ ማየት ባይችልም እያንዳንዱን ኩርባ ከመድረሳቸው በፊት ይነግራታል። «አሁን ቁልቁለት ይመጣል» ሲል ቁልቁለት ይመጣል። «አሁን ዐለቱ» ሲል ዐለቱ ብቅ ይላል። ልብስ ሰፊዋም ቀስ በቀስ አመነችው።

«አሁን ትልቅ ዛፍ ታያለሽ» አለ። «ከሱ ወዲያ በግራ ታጠፊ።»

ዛፉ አለ። ከዛፉ ሥር የቆመው ምልክት ግን ቀጥ ብላችሁ ሂዱ ይላል።

«ምልክት የሚተከለው መንገድ ለማያውቅ ሰው ነው» አላት። «ታጠፊ!»

ታጠፈች። አስፋልቱ የተቦጫጨቀ፣ በስንጥቁ ሁሉ ሣር የበቀለበት ነው።

«ሣር በቅሎበታል እኮ።»

«ዝናብ ጥሎ ነው። ንጂ፣ ምን ያስፈራሻል? ከኩርባው ቀጥሎ ድልድይ አለ።»

ከኩርባው ቀጥሎ ድልድይ አልነበረም። መንገዱ እንደ ተቆረጠ ጨርቅ ድንገት አለቀ። ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሏ ረገጠችው፤ መኪናዋ አሸዋው ላይ ተንሸራታ ከገደሉ አፋፍ የአንድ ሰው ቁመት ያህል ሲቀራት ቆመች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለ ሹፌሩ።

የእጅ ፍሬኑን ሳበች። ወረደች፤ ዞራ በሩን ከፈተችለት፤ ክንዱን ይዛ ወደ ፊት ወሰደችው። ከመሬት ድንጋይ አንስታ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ወደ ፊትህ ወርውር።»

ወረወረ። ሁለቱም ጠበቁ። ድንጋዩ ውሃ ውስጥ ጧ ሲል የተሰማው ቆይቶ ነው፣ ከሩቅ፣ ከሥር።

«ድልድዩ የት ሄደ?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«እኔ እንጃ። ይሄን አገር የማውቀው እኔ አይደለሁም።»

ይህን በማለቷ ወዲያው ቆጫት፤ ግን ከአፏ ወጥቷል። ማዞሪያ ቦታ የለም፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ዐለት። ግማሽ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ መውጣት አለባት፣ ያውም በዚያ ሁለቴ በጣላት ማርሽ። ሦስት ጊዜ ሞተሩ ጠፋባት። አንገቷ እስኪደርቅ ወደ ኋላ ዞራ፣ ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ መሪውን ስታርም፣ ስትመልስ፣ እንደገና ስታርም ዛፉ ሥር ደረሰች። ያን ሁሉ ጊዜ ሹፌሩ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። «ፍሪሲዮን» እንኳ አላለም።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች። የወፍጮውን ድምፅ ገና ከሩቅ ሲሰማ የኮቱን ቁልፎች ቆለፈ፤ ቆቡን አስተካከለ።

«ቁሚ። ቦታ እንለዋወጥ።»

ዳር ይዛ ቆመች፤ ሞተሩን ግን አላጠፋችም።

«አንለዋወጥም።»

«እሺ ብለሽኛል!»

«ዝም ነው ያልኩህ።»

«አንቺ ሴት፣ ሦስት መቶ ሜትር ነው! ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ! ሙሉውን መንገድ አንቺ ነዳሽ፤ ሦስት መቶ ሜትር አጣሁ?»

«ጠዋት ገደሉ ውስጥ ብንገባ የምንሞተው እኔና አንተ ነበርን። እዚህ ግን ፊትህ ያለው ሰው ነው። መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው። ዓይኔ እያየ መሪ አልሰጥህም።»

«አዋረድሽኝ።»

«ላዋርድህ ብፈልግ ኖሮ በአውሮፕላን አመጣህ ነበር።»

ልታዝንለት ፈለገች፤ አዘነችለትም፤ እጇ ግን ከመሪው ላይ አልተነሳም።

«እንግዲያው በእግሬ እገባለሁ» አለ።

«ግባ።»

ወርዶ በሩን አላጋው። የዕድሜ ልክ ንብረቱን በር እንዲህ ሲያላጋ አይታው አታውቅም። እዚያው ቆማ ልትጠብቀው ትችል ነበር፤ አላስቻላትም። አንደኛ ማርሽ አስገብታ በጎኑ መሄድ ጀመረች። መንገዱ ዳር ቦይ አለ። ሹፌሩ እልኸኛ ይሁን እንጂ ሞኝ አይደለምና ጥቂት እንደሄደ እጁን ዘርግቶ የኮፈኑን ጠርዝ ያዘ። እንዲህ ሆነው፣ እሱ እየተራመደ፣ እሷ በዝግታ እየነዳች፣ ከተማው ውስጥ ገቡ።

ሰው ከየሱቁ ወጣ። መኪናዋን የማያውቅ ማን አለ? የከተማው ፀጉር አስተካካይ ማበጠሪያውን እንደያዘ፣ ደንበኛውን ግማሽ ፂሙን ሳይላጨው ጥሎ፣ መሃል መንገድ ላይ ተገተረ።

«ዓይኔን ግንባር ያርገው! ሹፌሩ በእግሩ! ምነው፣ ተበላሸች እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ ፍሬን ያዘች። መስታወቱ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ትሰማለች። ደግሞ ወገቤ ሊል ነው፤ ወይ ፍሬኗን እየፈተሽኩ ነው ይላል። ከዋሸ እዚህ አገሩ ሰው ፊት ታጋልጠው ይሆን? አላወቀችም።

ሹፌሩ መዳፉን ከኮፈኑ ላይ አላነሳም።

«መኪናዋ ደህና ናት» አለ።

«እና?»

«እና ዓይኔ ነው። ሄዷል። ነድቼ ሰው ልገድል ስለምችል ከልክለውኛል።»

ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን ወደ ታች አወረደ። «ወይኔ ወንድሜን» አለ። «ታዲያ ማን አመጣህ?»

«ዓይን ያለህ አንተ አይደለህ እንዴ? አታይም?» ብሎ ጮኸበት ሹፌሩ። «እሷ ናት! ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ነድታ! እኔ በማይረባ ምክሬ ገደል ልከታት ስል አፋፉ ላይ ፍሬን ይዛ፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር በኋላ ማርሽ የወጣች! እኔ በሠላሳ አራት ዓመት አንዴ ሞክሬው የአውቶቡሱን ጎን ከግድግዳ አላትሜያለሁ። አዎ፣ ዛሬ ነገርኳችሁ! አሁን ከመሃል መንገድ ውጣና ሹፌሯ ትለፍ!»

ፀጉር አስተካካዩ እየተንደረደረ ወጣ። ሹፌሩ በመዳፉ እየዳሰሰ የበሩን እጀታ አገኘ፤ ገባ፤ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት። «እህቴ በር ላይ ቆማ ይሆናል። ሁለተኛ አስገቢ።»

ሁለተኛ አስገባች። እንባዋ ዓይኗን ሞላው፤ ወዲያው ግን በእጅጌዋ ጠረገችው። ከሁለቱ አንዳቸው መንገዱን ማየት ነበረባቸው።