የታይነት ሰሌዳ

በአሥራ አንድ የአፍሪካ አገሮች ለሚገኙ አነስተኛ የሴቶች ማኅበራት ገንዘብ የሚያድል አንድ ፈንድ፣ ቡራዩ ላለው የወይዘሮ ድንቅቱ ማኅበር የአንድ ዓመት ድጋፍ ፈቀደ። የማኅበሩ ሀብት ከባሎቻቸው ዱላ ያመለጡ ሴቶች የሚደበቁበት አንድ የኪራይ ቤት ነው። ቤቱን ከአምስቱ አባላት በቀር የሚያውቀው አልነበረም። በዚያ ሰሞን የተጠለለችው ስንዱ ነበረች፤ ባሏ አማኑ፣ የሚኒባስ ሹፌር፣ ካገኛት እንደሚገድላት በተራ አስከባሪዎች ፊት ምሏል።

የድጋፍ ማመልከቻው ቅጽ ግን አድራሻ በግድ ያስሞላ ነበርና፣ ዳኜ የተባለ ወጣት የፈንዱ የታይነት ባለሙያ ባለ ሦስት ሜትር ሰሌዳ በፒክአፕ አስጭኖ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሰሌዳው «የተጠቂ ሴቶች መጠለያ» ይላል፤ ከጽሑፉ ሥር ቀይ ቀስት ተስሏል።

«ይሄ የት ሊሆን ነው?» አሉ ወይዘሮ ድንቅቱ።

«በሩ ላይ ነዋ፣ አዴ ድንቅቱ! መመሪያው ከዋናው መንገድ መታየት አለበት ይላል።»

«ልጄ፣ እኛ እኮ ተደብቀን ነው የምንሠራው።»

«ችግራችሁ እሱ ነው። የተደበቀ ሥራ በምን ይለካል?»

«የልጅቷ ባል ማንበብ ይችላል።»

«በጣም ጥሩ! ሰሌዳው ለማኅበረሰቡ ነው የተዘጋጀው።»

«ቀስቱን እንኳ ብታጠፉልን?»

«ቀስቱ ናይሮቢ ዋናው መሥሪያ ቤት ጸድቆ ነው የመጣው።»

ሰሌዳው ካልቆመ ድጋፉ ይቋረጣል። ወይዘሮ ድንቅቱ ፈረሙ፤ በማግስቱም ማለዳ ስንዱን ከነፍራሿ ሱሉልታ ወስደው ወንድማቸው ኦቦ ባጫ የከብት መኖ በሚያከማቹበት ቤት ደበቋት። ለጭድ ቤት የተያዘ የበጀት ርእስ ስላልነበረ ይህን ለፈንዱ አላሳወቁም።

ሰሌዳው በተተከለ በሦስተኛው ቀን አማኑ መጣ።

«ሚስቴን ፈልጌ ነው።»

«እንኳን ደህና መጡ!» አለው ጎብኚ ሊመዘግብ በሩ ላይ የተቀመጠው ዳኜ፣ እጁን በሁለት እጁ ጨብጦ። «ወንዶች አይመጡልንም እያልን ስንጨነቅ ነበር።»

ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ አስጎበኘው። አማኑ ጎንበስ ብሎ የአልጋውን ሥር ሳይቀር አየ። ዳኜም በማስታወሻው ላይ «ጎብኚው ጥልቅ ፍላጎት አሳይተዋል» ሲል አሰፈረ፤ ሲወጣም ሰሌዳው ሥር አቁሞ ፎቶግራፍ አነሳው።

የዓመቱ ሪፖርት የቤቱን ባዶ መሆን በቡራዩ ጥቃት ለመቀነሱ ማስረጃ አድርጎ አቀረበ። የአማኑ ፎቶግራፍ «የወንዶች ተሳትፎ» በሚለው ምዕራፍ አንድ ሙሉ ገጽ ይዞ ወጣ። ለቀሩት አሥር አገሮችም ሰሌዳ ታዘዘ።

ወይዘሮ ድንቅቱ የደረሳቸውን ቅጂ ሱሉልታ ይዘው ሄዱ። ስንዱ ጭዱ ላይ ተቀምጣ ፎቶግራፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«አዴ፣ እሱ ካውያ ጨብጦ አያውቅም» አለች። «ሸሚዙን ማን ተኮሰለት?»

ወይዘሮ ድንቅቱ ሁለተኛ ፍራሽ ሊፈልጉ ወጡ።