ሬዲዮ ነው ያለው ያልኩት እኔ ነኝ

አባዬ ትናንት እራት ላይ ለኤልሮኢ ጸለየላት። ለገዛ ልጁ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ስሟን ላልጠራት። ግን ለእሷ እንደጸለየ አያውቅም፣ ለሬዲዮ ሰው የጸለየ ነው የመሰለው። እኔ ጎኑ ቁጭ ብዬ አሜን ስል ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ።

እሺ፣ ልረጋጋ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኛ የምንኖረው ወርቃ ነው፣ ከዲላ ወዲያ ያለ የቡና አገር። ኤልሮኢ ታላቅ እህቴ ናት፣ አሁን አዲስ አበባ የአየር ትንበያ ላይ ነው የምትሠራው። ዩኒቨርሲቲ የገባች ጊዜ አባዬ ገና ዲፓርትመንት ሳይደርሳት ቸርች ቆሞ መሰከረ። "ጌታ ልጄን ዶክተር አደረጋት" አለ፣ ሰው ሁሉ እልል አለ። እሷ ሜትሮሎጂ መርጣ ቁጭ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ "ዶክተሯ እንዴት ናት?" ባሉት ቁጥር አንገቱን ደፋ። ይኸው እስካሁን እሷ ስትደውል "ላሟን አይቼ ልምጣ" ብሎ ይወጣል። ላሟን እኮ ከሸጥናት ቆየን። ለበዓል ስትመጣም በእኔ በኩል ነው የሚያናግራት፣ "ለእህትሽ ውሃ ስጫት" እያለ።

ትናንት ታዲያ ቡናችን አልጋ ላይ ነበር። ቀዩን ቡና ከነገለባው የምናደርቅበት የሽቦ አልጋ ማለቴ ነው። ዝናብ ከነካው ይሻግታል። በፀሐይ ላስቲክ ካለበሱት ደግሞ ያልበውና ያም ይበላሻል። ስለዚህ ዝም ብሎ መሸፈን የለም። የዓመቱ ነገራችን በሙሉ እዚያ ላይ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ኤልሮኢ ቮይስ ላከችልኝ። "ሳሪዬ፣ አውሮፕላኖቹ ሲወጡና ሲወርዱ ንፋሱንና ሙቀቱን እየለኩ ይልኩልናል። ከእናንተ በላይ ሰማዩ ላይ እኛ ሌላ መለኪያ ብዙም የለንም። የዛሬ ጠዋቱን ሳየው ንፋሱ ዞሯል። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ሸፍኑ።"

ወደ አልጋው ሮጥኩ።

"አባዬ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ዝናብ አለ።"

"ማን አለ?"

"ሬዲዮ።" ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ።

"በኅዳር? ሬዲዮው ከየት አየው?"

"አውሮፕላን ላይ መለኪያ አለ። ሲበር አየሩን እየለካ ይልካል።"

ቀና ብሎ አየ። ሰማዩ ኩልል ብሏል። "የሚጭነው ሰው አልበቃው ብሎ ነው?" አለ። ግን ሬዲዮ ያምናል፣ የቡና ዋጋ የሚነግረው እሱ ነዋ። ላስቲኩን አመጣን።

ጎረቤታችን ጋሽ ተሾመ ከአጥሩ ማዶ አዩን። "ወልደዮሐንስ፣ ቡናህን በረደው እንዴ? ጋቢም ደርብለት እንጂ።"

"ዝም በል አንተ፣ ከተበላሸ ያኔ ትስቃለህ።"

"ኧረ አሁንም እየሳቅሁ ነው።"

ስምንት ሰዓት ሆነ። ምንም የለም። አስር ደቂቃ አለፈ፣ ሩብም አለፈ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አባዬ የላስቲኩን ጫፍ ገልጦ እጁን ከተተ።

"እያላበው ነው፣ ሳሮን" አለኝ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"አስር ደቂቃ ብቻ፣ አባዬ። በሞቴ።"

አየኝ። ከዚያ ላስቲኩን መልሶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

በገደብ ከተማ በኩል ንፋስ መጣ። ከዚያ አንድ ጠብታ ላስቲኩ ላይ ጠብ። ከዚያ በቃ፣ ሰማዩ ተዘረገፈ። አባዬ ብድግ ብሎ ሲሮጥ ወደ ቤት መስሎኝ ነበር፣ ለካ የተረፈንን ላስቲክ ይዞ ወደ ጋሽ ተሾመ አልጋ ነው። ተከተልኩት። ሦስታችንም ውሃ ውስጥ እንደወደቀ አይጥ ረጠብን እንጂ የእሳቸውንም አብዛኛውን አተረፍነው። የእኛማ አንድ ፍሬ አልተነካም።

ማታ እራት ቀርቦ አባዬ ዓይኑን ጨፈነ። "ጌታ ሆይ፣ ያን የሬዲዮ ሰው ባርከው። አባት ካለው፣ አባቱ በእሱ ደስ ይበለው" አለ።

ጓሮ ወጥቼ ለኤልሮኢ ደወልኩላት። ስነግራት "ድገሚልኝ" አለች። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ አፍንጫዋን እየሳበች "እንዳትነግሪው" አለችኝ። "ቡናው ገና አስር ቀን ይቀረዋል። እኔ መሆኔን ካወቀ ሌላ ጊዜ አይሸፍንም።"

እሺ ብያታለሁ። ግን ዛሬ ጠዋት አባዬ ምርጥ ምርጡን አቮካዶ በማዳበሪያ ሲሞላ አገኘሁት። ቅዳሜ ዲላ ሬዲዮ ጣቢያ ድረስ ወስዶ ያን ሰውዬ ሊያመሰግን ነው። እነሱ ደግሞ "እኛ እንደዚህ አላልንም" ነው የሚሉት፣ እዚያ ሰው ፊት። እንደገና ሰው ፊት ሊያፍር ነው፣ ያውም በእሷ ምክንያት።

ብነግረው ለቡናው ፈራሁ፣ ዝም ብለው ደግሞ ለእነሱ ለሁለቱ። ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ናት። እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?