ያልተመዘነው ትርፍራፊ

በመሥሪያ ቤቷ "ሚዛን" ይሏታል። ያወጣላት ሰው ስም ማውጣት ያውቅበታል፤ ሻይዋ ላይ የምትጨምረውን ስኳር እንኳ ሳትለካ አትጠጣም። ተማሪ ውጤት ይዞ ሲመጣ ሦስቴ አገላብጣ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ!" ብላ ትመልሰዋለች። ይህቺ ጠርጣራ ታዲያ የእናቷ ነገር ሲመጣ ዓይኗን ጨፍና አመነች። ምን ይደረግ፣ እናት ናቸው።

ሥራዋ እርጅናን ማጥናት ነው። በሰውነታችን ሴሎች ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ፣ የበላነውን ወደ ጉልበት የሚለውጡ ደቃቅ ነገሮች አሉ። ሰው ሲያረጅ እነሱም እንደ አሮጌ ምድጃ ጭሳቸው ይበዛና እሳታቸው ይቀንሳል። እሷ ይህን የሚጠግን ዱቄት አገኘሁ ብላ ሦስት ዓመት ሙሉ አይጥ ስትመግብ ኖረች። ዱቄቱ ከመኖ የተቀላቀለላቸው አይጦች ከሌሎቹ አምስት ወር አብልጠው ኖሩ። አምስት ወር ለአይጥ ቀላል ዕድሜ መሰላችሁ? ይህን ስታይ አላስቻላትም። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው እናቷ ደረጃ ሲወጡ አራት ቦታ ያርፋሉ። ዱቄቱን በእንክብል እየሞላች፣ ለማንም እንዳይናገሩ አስምላ ትሰጣቸው ጀመር። ለሰው ገና እንዳልተፈቀደ ታውቃለች። አሳምራ ታውቃለች!

አራት ወር አለፈ። እናትየው ቀጠን አሉ።

"እንዴት ነው እማዬ?" ስትላቸው፣

"እሰይ፣ ቅልል ብሎኛል!" ይሏታል። እሷም ደስ ብሏት ማስታወሻዋ ላይ ትጽፋለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የአይጦቹ ክፍል ገባች። ሃያ ዓመት ሙሉ አይጥ የጠበቁት ሽማግሌ ወለሉን እየጠረጉ ነበር።

"ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ? እነዚህ ዱቄት የሚገባላቸው፣ ምግብ የሚጠሉት ለምንድን ነው?"

"ኧረ ይበላሉ አባባ! በየቀኑ እመዝነው የለ እንዴ?"

"ምን ይበላሉ! በጥርሳቸው ያደቁትና ከሰጋቱራው ጋር ይደባልቁታል። እኔ እሱን ስጠርግ አይደል የምውለው?"

ክው አለች። በየማለዳው የምትመዝነው መመገቢያው ላይ የቀረውን ነው፤ የጎደለውን ሁሉ እንደተበላ ትቆጥረዋለች። ከሥራቸው የተነጠፈውን ሰጋቱራ አንድ ቀን እንኳ ገልጣ አላየችም።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?"

"ማን ጠየቀኝ?" አሉ ሽማግሌው፣ ሳይቆጡ።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ የአሥራ ሁለት ሳጥን ሰጋቱራ በወንፊት ነፋች። ትርፍራፊውን መዘነችው። አይጦቹ ከሚሰጣቸው ሲሶውን አይበሉትም ለካ! ምግብ የተቀነሰበት አይጥ ያለ ምንም መድኃኒት ዕድሜው እንደሚረዝም የዚህ ሙያ ጀማሪ እንኳ ያውቃል። ዱቄቱ የጠገነው ነገር አልነበረም፤ የምግብ ፍላጎት ነው የዘጋው። የሦስት ዓመት ልፋቷን ውሃ በላው። እሷ ግን ለልፋቷ ለማዘን ጊዜ አላገኘችም፤ የታወሳት "ቅልል ብሎኛል" የሚለው የእናቷ ቃል ነው።

ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ወደ እናቷ ቤት በረረች። ማቀዝቀዣውን ከፈተችው። እሑድ ሠርታ የሄደችው ምግብ እንደተከደነ ተቀምጧል።

"እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ምግብ አልበላ ብሎሻል?"

እናትየው ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

"ያንን እንክብል ከጀመርኩ ወዲህ ልጄ፣ ምኑም ምኑም አመድ አመድ ይለኛል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ!"

"ምን ልበልሽ? አባትሽ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። እኔው ላበላሽብሽ?"

ልታስነሳቸው ሞከረች፤ እግራቸው አልታዘዝ አለ። አቅፋ አነሳቻቸው። ምንም ክብደት የላቸውም። እስከ መኪናው ድረስ እያለቀሰች ሄደች።

ሐኪም ቤት ተረኛዋ ሐኪም የደም ምርመራውን አየችና ፊቷ ተቀየረ።

"በጣም ተጎድተዋል፤ ልባቸውም ደክሟል። የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

ማንኪያ ማንሳት ያቃታቸው አሮጊት ከትራሱ ቀና አሉ።

"አለ። ከልጄ ቦርሳ ሰርቄ ነው የዋጥኩት። እሷ ምንም አታውቅም!"

ሐኪሟ ወደ ልጅቷ ዞረች። ነገሩ በዚያው ሊያልፍ ይችል ነበር። እውነቱን ከተናገረች ሥራዋም ስሟም አበቃለት፤ ዝም ካለች ደግሞ ሐኪሟ ስንት እንክብል፣ ለስንት ጊዜ እንደተዋጠ ሳታውቅ በጨለማ ልታክም ነው።

"ዋሽታ ነው" አለች። "እኔ ነኝ የሰጠኋት። አራት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ። ወረቀት ስጪኝ፣ መጠኑን ልጻፍልሽ።"

እናትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ምነው ልጄ" አሉ፤ "ይቺን እንኳ ብጠቅምሽ ምን ነበረበት?"