አርባ አንድ ቁጥር በር

የማዘጋጃ ቤቱን መዝገብ ሹም ሰፈሩ «አባ ማኅተም» ይለዋል። ማኅተሙን ከአንገቱ አያወልቅም። አንዴ በእንቅልፍ ልቡ የሚስቱን ግንባር መትቶት፣ ሴትዮዋ ሦስት ቀን ሙሉ «ተፈቅዷል» የሚል ጽሑፍ ይዛ ገበያ ወጥታለች ይባላል። ያላመነ ይጠይቃት፤ ዱላዋን ከቻለ።

አንድ ጠዋት የከተማው ጦር አዛዥ ኮሎኔሉ የፍተሻ ወረቀት ይዞ በሩን በርግዶ ገባ።

«ሰውዬ፣ ቶሎ ምታልኝ! ቦምብ ጣዮቹ አርባ አንድ ቁጥር ቤት ናቸው። ከቀትር በፊት ገበያው ላይ ሊያፈነዱት ነው።»

ወታደሩ አገር በሚገዛበት ዘመን በር የሚንኳኳው ከተሰበረ በኋላ ነበር። ቤት ውስጥ የተገኘው ሁሉ ይታፈሳል፤ ቦምብ ጣዩ ግን በጓሮ ዘሎ እየሳቀ ይሄዳል። አዲሱ ሕግ ግን «ያለ ሲቪል ማኅተም ወታደር የሰው ቤት አይገባም» ይላል።

አባ ማኅተም ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። አርባ አንድ ቁጥር ሱሪውን የምትሰፋለት የልብስ ሰፊዋ ቤት ነው፤ አራት ልጆች አሏት።

«ቤቱን እንዴት አወቃችሁት?»

«ጠቋሚው ካርታችን ላይ በጣቱ አሳየን።»

«ካርታው መቼ የተሠራ ነው?»

«እኔ ሻምበል ሳለሁ። ምን አገባህ? ሰዓቱ እየሄደ ነው!»

አባ ማኅተም ትልቁን መዝገብ ጎትቶ አወረደ። «አምና የቤት ቁጥሩን ሁሉ ቀይረናል እኮ! ሦስት ደብዳቤ ጽፈንላችሁ ነበር።»

«የሲቪል ደብዳቤ ደግሞ ማን ይከፍታል!» አለ ኮሎኔሉ፣ ካፉ አምልጦት።

«የድሮው አርባ አንድ የዛሬው ስልሳ ሰባት ነው፤ ያ የተዘጋው መጋዘን።»

ኮሎኔሉን ላብ አጠመቀው። አባ ማኅተም ቁጥሩን አርሞ፣ ፈርሞ፣ ማኅተሙን አሳረፈ። ከተሳሳተ የገበያው ደም በሱ አንገት ነው።

የወታደሮቹ መኪኖች ተፈተለኩ። እሱ መስኮቱ ላይ ተተክሎ ጥፍሩን በላ፤ ጥፍሩ ሲያልቅ እርሳሱን ጀመረ፤ ግማሹን ዋጠው ይላሉ። በመጨረሻ ስልኩ ጮኸ።

«ሦስቱንም ከነቦምባቸው ያዝናቸው! ሽቦውን እየቀጠሉ ነበር። አንድ ጥይት አልተተኮሰም።» ኮሎኔሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድሜ... ዱሮ ቢሆን ያቺን ሴትዮ ከነልጆቿ አፍሼ፣ ገበያውም ይነድ ነበር።»

አባ ማኅተም ልብስ ሰፊዋ ደጅ ደረሰ። የስፌት መኪናዋ ይንጣጣል፣ ልጆቿ ይጯጯሃሉ።

«ሱሪህ አልደረሰም ብያለሁ! ምን ያክለፈልፍሃል?» ብላ ጮኸችበት።

«ኧረ አይድረስ፣ እቴ! ዓመትም ይፍጅ!» አለና ደጃፏ ላይ ዘጭ ብሎ እስኪበቃው ሳቀ።