ቅባት የነካው እግር

"አትዝጉት! እግሩን ቀብቼዋለሁ!"

ፀጉር ሠሪዋ የገዛ ድምፅዋን የሰማችው ከጮኸች በኋላ ነው። የኦክስጂን ሕክምና ባለሙያው ክቡን በር ሊገፋ የዘረጋውን እጅ መለሰ። ባሏ ከዳር እስከ ዳር ውስጡን በሚያሳይ ወፍራም የሕክምና ቱቦ ውስጥ ተጋድሟል፤ ጩኸቱን ሲሰማ ቀና ሊል ሞክሮ ግንባሩን ከጣሪያው አጋጨ።

"በምን ቀባሽው?" አለ ባለሙያው። ቱቦው ሰርጓጅ መርከብ ስለሚመስል የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ እሱን "ካፒቴን" እያለ ነው የሚጠራው።

"በፀጉር ቅባት። ጠዋት ተኝቶ ሳለ... ተረከዙ ተሰነጣጥቆ ሳየው አሳዘነኝ።"

"እህቴ፣ ትናንት ምን ብዬሽ ነበር? ቅባት፣ ሎሽን፣ ሽቶ፣ ምንም እንዳትቀቢው!"

"ቁስሉ ላይ ያልከኝ መስሎኝ። እግሩ እኮ ደህና ነው።"

ካፒቴን አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። አልጋውን ወደ ውጭ እየሳበ፣ ንጹህ ኦክስጂን በታጨቀበት ቦታ ቅባት በትንሽ ሰበብ ሊቀጣጠል እንደሚችል በእርጋታ ነገራት። ዕድሜዋን ሙሉ ሰውን በቅባት ስታሳምር የኖረች ሴት፣ አንዴ የተቃጠለ ባሏን በገዛ እጇ ዳግመኛ ልታቃጥለው ነበር።

ባልየው በያጅ ነው። ሊበይደው የተቀበለው በርሜል ባዶ ነው ተብሎ ነበር፤ ውስጡ የቀረው የቤንዚን ትነት ግን ነበልባል ሆኖ ቀኝ እጁን ለበለበው። ከጭኑ ቆዳ ተወስዶ ቢለጠፍለትም አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ላይ ያለው መጥቆር ጀመረ። ዶክተሯ ሳትሸፋፍን ነግራቸዋለች። ሥጋው በቂ ኦክስጂን ካላገኘ ሁለቱ ጣቶች ይቆረጣሉ። ያለ እነሱ እንዴት አድርጎ የመበየጃ ችቦውን እንደሚይዝ ባልና ሚስት በየልባቸው ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰነበቱ እንጂ አንዳቸውም አልተነፈሱትም።

አሁን በያጁ ከቱቦው ወጥቶ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል።

"አልገባም! ኦክስጂንን እኔ አውቀዋለሁ። ሲሊንደሩን በቅባት እጁ የሚነካ ሰው ከእኔ ጋር አይሠራም። እናንተ ጭራሽ እኔኑ ሲሊንደር ውስጥ ልትከቱኝ!"

"አንተ የምትፈራውን እኔም እፈራዋለሁ" አለ ካፒቴን። "ስለምፈራም ነው አጥቤ፣ ፈትሼ የማስገባህ። የማይፈራ ሰው ይሄ በር ላይ መቆም የለበትም።"

በያጁ ቀና ብሎ አየው። የሙያ ሰው ወሬ ስለሆነበት ሳይሆን አይቀርም፣ መከራከሩን ተወ። ነርሷ እግሩን በሳሙና ደጋግማ አጥባ ሌላ የጥጥ ልብስ አለበሰችው። ፀጉር ሠሪዋ እጆቿን ከጀርባዋ ደብቃ ግድግዳ ተጠግታ ቆመች።

በሩ ተዘጋ። አየሩ እየፏጨ መግባት ጀመረ።

"ምራቅህን ዋጥ" አለ ካፒቴን በመነጋገሪያው። "ጆሮህን ከደፈነህ እጅህን አንሳ፣ እናዘገየዋለን።"

በያጁ ዋጠ፤ ደግሞ ዋጠ። ቀስ በቀስ ትከሻው ላላ።

"ዶክተር፣ አሁን ምን እየሆነ ነው?" አለች ሚስትየው አጠገቧ ወደ ቆመችው ዶክተር ዞራ በሹክሹክታ፣ ጮክ ብላ ብትናገር የምታበላሽ ይመስል።

"ኦክስጂኑ በግፊት ደሙ ውስጥ እየሟሟ ነው። ስለዚህ ከወትሮው ራቅ ብሎ፣ የተጎዳው ሥጋ ድረስ ሊደርስ ይችላል።"

"የምንተነፍሰው ማለት ነው? ይሄው?"

"ይሄው። ብቻውን ግን አያድንም፤ ቀዶ ጥገናውን ያግዛል። ተስፋ እንጂ ዋስትና አልሰጥሽም።"

ፀጉር ሠሪዋ ሳታስበው አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች። ስትስቅበት፣ ስትቆጣበት፣ ስትተኛበት የኖረችበት አየር ውስጥ ይህን የመሰለ ጉልበት አለ ብሎ የነገራት አልነበረም። እሳት የሚያፋፍመው እሱ ነው፤ አሁን ደግሞ ያው ራሱ እሳት የበላውን ሥጋ ሊያድን በባሏ ደም ውስጥ እየሄደ ነው። እግዚኦ አለች በልቧ። የሚታይ ነገር ግን አልነበረም፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ በቃ። ዓይኗን መንቀል አቃታት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ገባ። በየቀኑም ነርሷ ስታጥበው ሚስትየው ያንኑ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። ውሃ አጠጪኝ ቢላት እንኳ ነርሷን ትጠራለች፤ የራሷን እጅ አላምን አለች።

አንድ ቀን ጠዋት ዶክተሯ ፋሻውን ፈታች። አውራ ጣቱ ቀልቷል። ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ነጣ፣ ከዚያ ቅላቱ ቀስ እያለ ተመለሰ። አንድ ጊዜ ደግማ ተጫነችው፤ አሁንም ተመለሰ።

"ደም እየደረሰው ነው" አለች ዶክተሯ፣ እሷም ድምፅዋ ትንሽ ተለውጦ። "ይሄኛው ይተርፋል። የሌባ ጣቱ ጫፍ ገና አልለየለትም፤ እንቀጥላለን።"

ፀጉር ሠሪዋ አለቀሰች፤ የሳቀችም መሰለ። ነርሷ ሳፋውን ይዛ ስትመጣ በያጁ በደህና እጁ አስቆማት።

"ዛሬ እሷ ታጥበኝ።"

"እኔ?" አለች ሚስትየው ከግድግዳው ሳትላቀቅ። "ተው እባክህ፣ ብሳሳትስ?"

"ያን ቀን የጮኸው ማን ሆነና? ነይ። ተረከዜን ግን እንዳትኮረኩሪኝ።"

ካፒቴን ሳሙናውን አቀበላት። እጅጌዋን ሰብስባ መጀመሪያ የራሷን እጅ እስከ ክርኗ ታጠበች። ከዚያ ተንበረከከችና የባሏን እግር ሳፋው ውስጥ አስገባች።