ቱሽ የተነፈገው ቀልድ

ካርኒቫል የሚሉት የፌሽታ ሰሞን ሲደርስ በጀርመን የራይን ወንዝ ዳር ሰዎች ሁለት ነገር ያምናሉ። እንደ ወጉ መድረክ ላይ በርሜል ውስጥ የቆመ ቀልደኛ የፈለገውን መናገር ይችላል፤ ቀልዱ ሲያልቅ ደግሞ ባንዱ ይነፋል። ጡሩምባና ከበሮ አንድ ላይ «ታታ! ታታ! ታታ!» ይላሉ፣ አዳራሹም ይስቃል። ቱሽ ይሉታል። ቀልዱ ገባህ አልገባህ ግድ የለም፣ ቱሹ ከተነፋ ትስቃለህ። ሙሉ አዳራሽ ሲስቅ ብቻውን ፊቱን የሚያጠቁር ማን አለ?

ቶርስተን ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ የሚባለው ለእሱ ዓይነቱ ነው። መልኩ ያምራል፣ ወሬው ይጣፍጣል፣ አሮጊቶቹ ይሳሱለታል። መጀመሪያ በከንቲባው ይቀልዳል፣ ቀጥሎ በአማቱ የድንች ሰላጣ፤ ሰው ሆዱን ይዞ ሲንፈራፈር ያቺን አንዷን ጣል ያደርጋል፣ ስለ መጤዎች ወይ ስለ መስጊዱ። የተቆጣ ካለ «ቀልድ እኮ ነው! መሳቅም ተከለከለ?» ይላል። በየዓመቱ ጥቂት ይጨምርበታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ የጥላቻም አካሄድ ያው ነው።

ሰቭጊ በባንዱ ውስጥ ትሮምቦን የሚባለውን ረጅም የናስ መሣሪያ ትነፋለች። ባለፈው ዓመት ቶርስተን በሻሽ ለባሽ ሴቶች ሲያላግጥ፣ እናቷ ጉልተን ሻሿን አስራ ከፊት ጠረጴዛ ተቀምጣ ነበር። የባንድ ሰው እጁ ከጆሮው ይቀድማል፤ ሰቭጊም ሳታስበው ከጓደኞቿ ጋር ነፋች። በካርኒቫሉ ወግ የጥንት ዘበኛ መስለው ተቀምጠው የሳቁት ሰዎች የለበሱትን ቀይ ኮት የሰፋችው ራሷ ጉልተን ናት። ማታ ቤት ስትገባ እናቷ «አንቺም?» አለቻት። ያቺ አንዲት ቃል ሰቭጊን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳቻት።

ዘንድሮ ካርኒቫሉ ሲቃረብ ትሮምቦኗን መልሳ ባንዱን ልትለቅ ወደ መሪው ወደ ወይዘሮ ሄድቪግ ሄደች። ሴትየዋ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁመታቸው አጭር፣ ጡሩምባቸው ግን ወንዙን ተሻግሮ የሚሰማ ናቸው። ትሮምቦኑን አልተቀበሉም። ኮታቸውን ደርበው ሰቭጊን አስከትለው ቀጥታ ወደ ጉልተን ልብስ ስፌት ቤት ገቡ።

«እሁድ ይምጡልኝ» አሉ።

«ዳግመኛ ልሰደብ?»

«ቱሹን ያስነፋሁት እኔ ነኝ፣ ልጅዎ አይደለችም። ይምጡና ይዩኝ።»

ጉልተን የስፌት መኪናውን አቆመች። «እመጣለሁ። ልጄ በእኔ ላይ አንዴ ከነፋች ግን ያ ትሮምቦን እቤቴ አይገባም።»

እሁድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ጉልተን የፊተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች፣ አፏም እጆቿም ገጠም ብለዋል። ወይዘሮ ሄድቪግ ለባንዱ «እኔን እዩ» ብቻ አሉ። ሰቭጊ ትሮምቦኗን ከንፈሯ ላይ ገጥማ ሴትየዋን አየች።

ቶርስተን ጫፉ ቃጭል ያለው ቆቡን ደፍቶ በርሜሉ ውስጥ ቆመ። ከንቲባው፣ ቱሽ። የድንች ሰላጣው፣ ቱሽ። አዳራሹ እንባ በእንባ ሆነ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ባቡሮቻችሁ ይዘገያሉ ይሉናል። ድሮ የጫንናቸውን ዓይነት ተሳፋሪ ስጡን እስቲ፣ ደቂቃ አትዛነፍም!» ብሎ ወደ ጉልተን ሻሽ ጠቀሰ። እነዚያ ባቡሮች በናዚ ዘመን አይሁዶችን ወደ መግደያ ካምፕ እንደወሰዱ በዚያ አገር ሕፃንም ያውቃል። እጆቹን ዘርግቶ ቱሹን ጠበቀ።

ወይዘሮ ሄድቪግ ጡሩምባቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከበሮ መቺው ዱላውን አንስቶ ነበር፣ አዩትና መለሰው። ሰቭጊ ትንፋሿን እንደያዘች ቀረች። ከኋላ ጠረጴዛ የቶርስተን ጓደኞች ሳቁ፤ ሳቃቸው ብቻውን ራቁቱን ቀረና እነሱም አፍረው ተዉት። ቀልዱ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ሰው የሰማውን ነገር መስማት የጀመረው ያኔ ነው።

«ባንዱ ተኛ እንዴ?» አለ ቶርስተን።

«አልተኛንም ልጄ፣ ሰምተናል» አሉ ወይዘሮ ሄድቪግ።

«ቀልድ እኮ ነው!»

«እንግዲያው ያለ እኛ ያስቅ።»

ቶርስተን ደነገጠና ወደ ከንቲባው ተመለሰ፤ ስለ ከንቲባው ብስክሌት አንዲት ቀልድ ወረወረ። ሴትየዋ ወዲያው ጡሩምባቸውን አንስተው በሙሉ ሳንባቸው ነፉለት! ጥሩ ቀልድ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ ሚዛን ያውቃሉ። ልቡ ተመለሰለትና ስለ መስጊዱ ጀመረ። ጡሩምባው ተመልሶ ጉልበት ላይ ተጋደመ። አሁን አዳራሹ ሁሉ፣ የሚሳሱለት አሮጊቶች ሳይቀሩ፣ ዓይናቸውን ከቶርስተን ነቅለው ጡሩምባውን ያዩ ጀመር። እንዲህ ያለ ጀግንነት ሰቭጊ አይታ አታውቅም፤ ሴትየዋ ምንም አላደረጉም እኮ!

የካርኒቫሉ ማኅበር ሊቀመንበር አሎይስ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ወደ ባንዱ ጎንበስ አለ። «ለከርሞ ሌላ ባንድ እንቀጥራለን፣ ሰማሽ ሄድቪግ?»

«ቅጠሩ። ዛሬ ግን ባንዱ እኔ ነኝ።»

ቶርስተን ከበርሜሉ ወጣ። መሸኛ ማርሽ አልተነፋለትም። ያን ረጅም አዳራሽ ሲያቋርጥ የተሰማው የቆቡ ቃጭል ብቻ ነበር፣ ቅጭል ቅጭል እያለ እስከ በሩ።

ማንም ምን ማድረግ እንዳለበት አላወቀም። ያኔ ጉልተን ከወንበሯ ተነሣች። እዚያ አገር ሰው ሲወደስ አንዱ ስሙን ይጠራል፣ ሌላው ሦስት ጊዜ «ሄላው!» ይላል። ጉልተን በሕይወቷ ጠርታ አታውቅም።

«ለሄድቪግ!» አለች፣ ድምፅዋ እየተሰነጠቀ።

 ከዚያ ቀይ ኮት ከለበሱት አንዱ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው፣ ቀጥሎ አዳራሹ «ሄላው! ሄላው! ሄላው!» አለ።

ሄላው ደግሞ ያለ ቱሽ አይሆንም። ወይዘሮ ሄድቪግ ጡሩምባቸውን አነሡ፣ ባንዱም ተነሣ። ሰቭጊ ልትነፋ ብትል ከንፈሯ በለቅሶ አልታዘዝ አላት፣ ቱሹ ያለ ትሮምቦን ጀመረ። ወይዘሮ ሄድቪግ ዞር ብለው አላዩዋትም፤ የመጨረሻዋን ድምፅ ግን ፊታቸው እስኪቀላ ሳይለቁ ይዘው፣ ትሮምቦኗ እስክትደርስ ጠበቋት።