የወፈፌ አስተማሪ

ሴትዮዋ ሶፋ ጠጋኝ ናት። የአሮጌ ሶፋ ጨርቅ ትገፍፋለች፣ ስፖንጁን ትቀይራለች፣ አዲስ ጨርቅ ታለብሳለች። ሥራዋ ሁሉ ሳሎን ውስጥ ነው፤ አባቷን ከዓይኗ ማራቅ ስለማትፈልግ። እሳቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ትራፊክ ፖሊስ ሆነው አደባባይ ላይ ቆመዋል። ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰና ንግግራቸውንና የቀኝ ጎናቸውን ይዞባቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ አጠገብ ዊልቸር ላይ ይውላሉ። የሚታዘዝላቸው ግራ እጃቸው ብቻ ነው።

"ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ይኑር። ዓይናቸው የሚከተለው ነገር ይፈልጋል" አላት ሐኪሙ። ቴሌቪዥን ማለቱ ሳይሆን አይቀርም። እሷ ግን ሄዳ ውሻ አመጣች።

የባዘኑ ውሾች መጠለያ ጠባቂው መጀመሪያ ሊያስጥላት ሞክሮ ነበር። "ይሄን እንኳ ተይው እህቴ" አላት፣ ረጃጅም እግር ያለውን ቡናማ ወጣት ውሻ እያሳያት። "ሦስት ሰዎች ወስደውት ሦስቱም መልሰውታል። ክፉ ሆኖ አይደለም። አንድ ቦታ መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቅም።"

"የኔ አባት ደግሞ ካንድ ቦታ አይነሳም። ይመጣጠናሉ" አለችው።

ውሻው በገባ በሳምንቱ የደንበኛ ስፖንጅ ዘነጣጥሎ ሳሎኑን ጥጥ የተፈለቀቀበት አስመሰለው። ሁለት ጊዜ መጋረጃ አወረደ። ታናሽ እህቷ ልትጠይቃቸው መጥታ በሩን ስትከፍት ዘሎ ከነቦርሳዋ ደረጃው ላይ አስቀመጣት። "ይሄማ ወፈፌ ነው!" አለች ቀሚሷን እያራገፈች፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ሶፋ ጠጋኟ ልታሠለጥነው ያልሞከረችው ነገር የለም። "ተቀመጥ!" ስትለው ይዘላል፤ "ና!" ስትለው ወደ በር ይሮጣል። በቁራሽ ሥጋ ልታባብለው ብትል ሥጋውን ከጣቷ መንጭቆ እብስ ይላል። መንገድ ላይማ ትከሻዋን ሊገነጥለው ምንም አይቀረው። ጎረቤቷ ጫማ ሠሪው ከሱቁ በር ላይ ሆኖ "ኧረ ለመሆኑ ማን ማንን ነው የሚያሠለጥነው?" እያለ ይስቅባት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ኩሽና ውስጥ እቃ እያጠበች ሳለ ቤቱ ጭር አለባት። ወፈፌ ካለበት ቤት ጭርታ ደግ ነገር አይደለም። እጇን ሳትጠርግ ሮጠች።

ወፈፌ ሳሎኑ መሀል ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። የአባቷ ግራ እጅ ከዊልቸሩ ክንድ ከፍ ብሎ፣ መዳፉ ወደ ፊት ተዘርግቷል፤ መኪና እንደሚያስቆሙት። እጃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ጎን ሲጠርጉት ውሻው ተነስቶ በዚያው አቅጣጫ ሄደ። መልሰው ወደ ደረታቸው ሲስቡት ዞሮ መጣ።

"አባዬ! እርስዎ ነዎት እንዴ ያስተማሩት?" ብላ ጮኸች። የፊታቸው ግማሹ ፈገግ አለ። በዚያ ቀን ሁለቱንም አቅፋ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ሰዓት የትምህርት ሰዓት ሆነ። አባትየው ምግብ መብላት ጀመሩ፤ ፊታቸውም ወዝ አገኘ። መጀመሪያ ነገሩ የከነከናት ታናሽ እህቷን ነው።

"እትዬ" አለቻት አንድ ቀን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ውሻው እኮ የሚያየው እጃቸውን አይደለም።"

"ታዲያ ምን ያያል?"

"እኔ እንጃ። ወደ ላይ ነው የሚያየው።"

"ውሻ የት እንደሚያይ በምን ታውቂያለሽ? አንቺ ደሞ!" ብላ ዘጋቻት። በማግስቱ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ መዶሻዋን አስቀምጣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጭንቅላቷን ከወፈፌ ጭንቅላት ጎን አድርጋ ዓይኑን ተከተለች። እውነትም አባቷን አያይም። ከዊልቸሩ በስተቀኝ፣ ባዶው ግድግዳ ፊት፣ የቆመ ሰው እጁን ቢዘረጋ መዳፉ የሚደርስበት ከፍታ ላይ ዓይኑን ተክሏል። የሆነ ነገር ወደ ግራ የሄደ ይመስል ዓይኑ ወደ ግራ ይሄዳል። ተነሳ፣ ሄደ፣ ዞረ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። የጨዋ ተማሪ አቀማመጥ ነው፤ ምላሱን እንኳ አላወጣም።

"አባዬ፣ ይሄ ውሻ ምን…" ብላ ዞር አለች። አባቷ ተኝተዋል። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል፤ ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል። ያንኮራፋሉ።

ለማንም አልተናገረችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ከዊልቸሩ በስተቀኝ በኩል ማለፍ ስትፈልግ ሳታስበው ዞራ ታልፍ ነበር፤ ሰው እንዳትገፋ የፈራች ይመስል።

ብዙም ሳይቆይ አባቷን ሳንባቸውን አመማቸውና ሆስፒታል ገቡ። እሷ ከጎናቸው ሆነች፤ እህቷ ቤትና ውሻ ጠባቂ ሆና ቀረች። በሁለተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አባትየው ዓይናቸውን ጨፍነው በከባዱ ሲተነፍሱ ስልኳ ጠራ።

"እትዬ" አለች እህቷ። "ጀምሯል። ብቻውን። እዛው ግድግዳው ፊት ሄዶ ቁጭ አለ።"

"ጎትተሽ ከቤት አውጪው" አለቻት።

"አንገቱን ይዤ ልጎትተው አልቻልኩም! አሁን ተነሳ። ወደ ግራ ሄደ… አሁን ዞረ።"

ሶፋ ጠጋኟ የዚያን ጊዜ ነው አልጋውን ያየችው። ብርድ ልብሱ ሥር አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል። ቀስ ብላ ገለጠችው። የአባቷ ቀኝ እጅ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ስታጥበው፣ ስታሻሸው፣ ከወደቀበት እያነሳች ስታስቀምጠው የኖረችው በድን እጅ። መዳፉ ቀና ብሎ ወደ ፊት ተዘረጋ።

"ቆመ" አለች እህቷ በስልኩ። "ቁጭ አለ።"

እጁ ወደ ቀኝ ጠረገ።

"ወደ ቀኝ እየሄደ ነው።"

እጁ ወደ ደረት ተሳበ።

"መጣ… እትዬ? እትዬ፣ እየሰማሽኝ ነው?"

መድኃኒት ይዛ የገባችው ነርስ አልጋው እግር ሥር ቆም አለች። "እንዴ፣ ቀኝ እጃቸው ይሠራል እንዴ? ካርዳቸው ላይ አይሠራም ነው የሚለው።" ሶፋ ጠጋኟ ወደ አባቷ ጆሮ ጎንበስ ብላ "አባዬ፣ አሁን የት ነው ያሉት?" አለቻቸው።

ዓይናቸውን ገለጡ። ያዩዋት በሥራ መሀል የተቋረጠ ሰው እንደሚያይ ነው፤ ቆጣ ብለው፣ ግን በፍቅር። ቀኝ እጁ ፍራሹ ላይ ወድቆ በድን ሆነ።

"ግራ ገብቶታል" አለች እህቷ በስልኩ። "ዙሪያውን እያሸተተ ነው። የሚፈልገውን ያጣ ይመስላል።"

ከዚያ በኋላ አላቋረጠቻቸውም። ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ የክፍሉን በር ዘግታ፣ ወንበሯን ከአልጋው ፈቀቅ አድርጋ ትቀመጣለች። እጁ ሲነሳና ሲወርድ ታያለች። ትፈራለች። ግን ደግሞ አባቷ ሲቆሙ፣ ሲራመዱ፣ ሲያዝዙ ከዚህ ውጪ የምታይበት ቦታ የላትም። በስድስተኛው ቀን ጠዋት፣ ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ ሳለች፣ አረፉ።

ለቀስተኛው በተበተነ ማግስት ሁለቱ እህትማማቾች ጨርቁ በተገፈፈ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። "እንውጣ እትዬ፣ እባክሽ" አለች ታናሽየዋ፣ ክንዷን ጨምድዳ ይዛ። ትልቋ አልተነሳችም። ወፈፌ የወንበር እግር እያኘከ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ አለፈ። ውሻው አንዴም ቀና አላለም። የወንበሩን እግር ጨርሶ የታላቅየዋን ነጠላ ጫማ ጀመረ።

ታናሽየዋ "ተመስገን" አለች። ሶፋ ጠጋኟ ግን፣ ቀብሩ ላይ እንኳ ያልወጣላት እንባ ያን ጊዜ ገነፈለባት።

ወፈፌ የተማረውን ሁሉ ጥርግ አድርጎ ረሳ። መዳፍ ብታሳየው ይልሰዋል። "መልሺው፣ ምን ያደርግልሻል?" አለቻት እህቷ። እሷም አንድ ቀን ማሰሪያውን አጥልቃለት እስከ መጠለያው በር ድረስ ሄደች። ጠባቂው ከውስጥ አያት። "አመጣሽው?" ሲላት "ሰላም ልልህ ነው" ብላ ተመለሰች።

ከባዶ ጀመረች። በየጠዋቱ፣ ጫማ ሠሪው እያየ እየሳቀባት፣ "ተቀመጥ" ስትል ሰነበተች። በሰባተኛው ሳምንት ወፈፌ ሱቁ ፊት ለፊት ቁጭ አለላት። ቶሎ ብላ ዓይኑን አየች። የሚያየው እሷን ነው፤ የእሷን ፊት ብቻ። ቁራሽ ሥጋ ሰጠችውና ራሱን ደባበሰችው። ጫማ ሠሪው አጨበጨበላቸው።

እህቷ አሁንም በየሳምንቱ ትመጣለች፤ ምሳ በልተው ይጫወታሉ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን "ሥራ አለብኝ" ትልና ቦርሳዋን ታነሳለች። ሥራ እንደሌላት ሁለቱም ያውቃሉ። ሶፋ ጠጋኟ ቆዪ ብላት አታውቅም፤ እስከ ደረጃው ሸኝታት ትመለስና ስፖንጇን መቁረጥ ትቀጥላለች።